በአራተኛው ቀን የሚዘጋው ፕሮግራም

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ያን ቀን ትክክል ነበርኩ። ሕግ ቢጠየቅ ባለመብቱ እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የሚያንገበግበኝም ትክክል መሆኔ ነው።

ተስፋዬ እባላለሁ። የተወለድኩት ጅቡቲ ነው። አያቴ ከአገር ቤት ከባቡሩ ጋር መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር በር እንጂ መስኮት በሌላት ሱቅ ስልክ እጠግን ነበር። ስልክ ሁሉ ባለቁልፍ የነበረበት፣ በጣት የሚነካው ገና የሀብታም መጫወቻ የነበረበት ዘመን ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት፣ ጠባዬ ቁጡና አፈኛ። ቁጣው አሁንም አልለቀቀኝም፤ የሚያርፍበትን ሰው ብቻ ነው የቀየረው።

ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ነበሩ። አንዷ ትመጣና “ወንድሜ፣ እባክህ ለማዳም እንዲህ በልልኝ” ትለኛለች፤ በእሷው ስልክ ደውዬ በፈረንሳይኛ ወይም በሶማልኛ እናገርላታለሁ። እንዲህ የምትል በቀን አራት አምስት ስትደርስ ሥራ አላሠራ አለኝ። ለምን በእኔ ቦታ ስልኩ ራሱ አይናገርም ብዬ ፕሮግራም መሥራት ጀመርኩ።

ዓረፍተ ነገሮቹን የመረጠችውም ድምፅ የሰጠችውም እትዬ ውቢት ናት። ራስ ዲካ ሰፈር አንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራች፣ ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም በጆሮዋ ብቻ የተማረች ሴት ናት። እኔ “እንደምን አደሩ”፣ “ገበያው የት ነው” እያልኩ ያዘጋጀሁትን ወረቀት አይታ ሳቀች።

“ይኼ ለቱሪስት ነው” አለችኝ። “‘አልሰረቅኩም’ በል። ‘ፓስፖርቴ የት ነው’ በል። ‘በሩን አትቆልፉብኝ’ በል። ‘የወር አበባዬ አይደለም፣ ሌላ ሕመም ነው’ በል።”

በመጨረሻው እኔ ሳቅኩ።

“ሳቅ አንተ! ሆዳችንን ባመመን ቁጥር ማዳሞቹ የሚሉት እሱን ነው” አለችኝ።

የአየር ማራገቢያው ድምፁ እየገባ ስላስቸገረን አጥፍተን፣ በሐምሌ ሙቀት፣ በሩን ዘግተን ቀዳን። በሦስት ዓርብ ከሰዓት፣ ማለትም በእሷ የዕረፍት ቀን፣ ሁለት መቶ ያህል ዓረፍተ ነገር ገባ። ያኔ ስልኮቹ የእኛን ፊደል አያሳዩም ነበርና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ፎቶ አድርጌ አስገባሁት፤ ልጅቷ ፎቶውን አንብባ ስትጫነው የእትዬ ውቢት ድምፅ በፈረንሳይኛ ወይም በሶማልኛ ይናገራል። ስሙንም “አፌ” ያለችው እሷ ናት።

ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ያልፍ ነበር። አንዳንዱ ስልክ ፕሮግራም አልልክም ብሎ ያምፃል፤ ያኔ የፋይሉን ስም የመጨረሻ ሦስት ፊደል ወደ ፎቶ መለያ ትቀይሪያለሽ፣ ስልኩ ፎቶ መስሎት ይልከዋል፣ የተቀበለችው መልሳ ትቀይረዋለች። ይህን ብልሃት ሳሳያት እትዬ ውቢት “ድንበር ላይ ስሜን ቀይሬ የገባሁት እኔም እንዲሁ ነው” ብላ ተንከተከተች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። “እንዳትሸጠው፤ ያገኘችም ለሁለት ታድል” አለችኝ። እሺ አልኳት። ወረቀት አልተጻፈም፣ በቃል ነው።

ከዚያ ዚያድ መጣ። ዚያድ ካርቲየ 7 ቢስ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ነው። “አፌ”ን ከአንዷ ስልክ ወሰደ፣ የእኔን ስም ፋቀ፣ የራሱን ሱቅ ስም ጻፈበት፣ በሚሞሪ ካርድ እየጫነ መሸጥ ጀመረ። ሄጄ ተጋፈጥኩት።

“ዋላል፣ በብሉቱዝ የሚዞር ነገር ባለቤት አለው እንዴ?” አለኝ። ወንድም ማለቱ ነው። ጫቱን በጉንጩ ይዞ፣ ለመነሳት እንኳ ሳይሞክር።

ደሜ ፈላ። ፍርድ ቤት አካባቢ በፈረንሳይኛ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ጋ ሮጥኩ። ሁሉንም በጥሞና ሰሙኝና ብዕራቸውን አስቀመጡ።

“የሠራኸው አንተ ከሆንክ ያንተ ነው፤ ማስከበር ግን ረጅም መንገድ ነው” አሉኝ። “ለመሆኑ በውስጡ የምትናገረዋ ሴት ማን ናት? ድምፅዋን ስትሰጥህ ፈርማልሃለች?”

“እሷ የኛ ሰው ናት፣ ችግር የለም” አልኳቸው።

“እኔ የጠየቅኩህ ችግር አለ ወይ ብዬ አይደለም” አሉኝ። ያኔ ሽማግሌው ነገር የሚያጣምሙ መስሎኝ ተነስቼ ወጣሁ።

ሕጉ ረጅም ከሆነ በእጄ አሳጥረዋለሁ አልኩ። አዳዲስ ዓረፍተ ነገሮች ጨምሬ አዲስ “አፌ” ሠራሁ፤ ውስጡ ቁልፍ ደበቅኩበት። እያንዳንዱ ስልክ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። እኔ በእጄ የጫንኩበት ስልክ ላይ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ወደ ሌላ ስልክ ከተላለፈ ግን ሦስት ቀን ሠርቶ በአራተኛው ይዘጋል። ሦስት ቀን የሰጠሁት ለደግነት እንዳይመስላችሁ። የዚያድ ደንበኞች ገዝተው፣ ተደስተው፣ ከዚያ ተናደው እንዲመለሱበት ብዬ ነው። ሲዘጋ ስልኩ ላይ “ይህ የተሰረቀ ቅጂ ነው። ባለቤቱን ያናግሩ” የሚል ይወጣል፤ ከሥሩ የእኔ ስልክ ቁጥር አለ። ትክክለኛ ሰው ከሆነች ትደውላለች፣ የስልኳን መለያ ቁጥር ታነብልኛለች፣ እኔ መክፈቻ እሰጣታለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለእትዬ ውቢት አልነገርኳትም። ስልኳን ስታመጣ አዲሱን ጫንኩላት፤ የእሷ አይዘጋ፣ ምን ብላ ታውቃለች?

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልምጣ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የተከፈተ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ በትኜ ብየዳ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

“ሃሎ... ወንድሜ፣ ‘አፌ’ ተዘጋብኝ” አለች አንዲት ልጅ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የተቆራረጠ ነው።

“ከማን አገኘሽው?”

“ከሰው ነው። ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ነኝ። እባክህ ክፈትልኝ፣ የምለውን አይሰሙኝም...”

“ከየትኛው ሰው? ከካርቲየ 7 ቢስ ነው?”

ዝም አለች። ኋላ እንደሰማሁት “የተሰረቀ” የሚለውን አንብባ፣ የሰጠቻትን ሴት ላለማስያዝ ነው ዝም ያለችው።

“አላውቅም፤ በብሉቱዝ ነው የተላከልኝ” አለች።

“እንግዲያው የላከልሽ ሰው ይክፈትልሽ! ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ የሠራውን ስትዘርፉ ባለቤቱ ትዝ አይላችሁም። ሲዘጋባችሁ ሁላችሁም ሐኪም ቤት ናችሁ!”

“ወንድሜ...”

ዘጋሁባት። ደስ አለኝ፤ አልዋሻችሁም። አጠገቤ ሽቶ ለሚሸጠው ሰውዬ “አንዷን ዛሬ ልክ ልኳን ነገርኳት” ብዬ እየሳቅኩ ነገርኩት። ኋላ ስልኬ ላይ አየሁት፤ የተነጋገርነው አርባ አንድ ሰከንድ ነው።

ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ እትዬ ውቢት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ ደውላልህ ነበር?”

“የዚያድ ደንበኛ ናት፣ አንቺ እንዴት...”

“የማንም ደንበኛ አይደለችም። ሰናይት ትባላለች፤ የጎረቤታችን ሠራተኛ ናት፤ ከመጣች ገና ወሯ ነው። ‘አፌ’ን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አሁን ክፍሏ ውስጥ ወድቃ ነው ያገኘኋት። ሆዷ እንጨት ሆኗል። ታክሲ ይዘህ ና።” ዘጋችው።

መበየጃውን እንኳ ከሶኬት አልነቀልኩም። ወጥቼ ሮጥኩ። ሰባት ሰዓት ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ ምን ሰዓት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጫት የገባበት ሰዓት ነው። ከተማው ሁሉ እሽጉን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይጣደፋል፤ ባለታክሲም ሰው ነው። ሦስቱ ጥለውኝ አለፉ። አራተኛው ፊት እጄን ዘርግቼ መንገዱ መሐል ቆምኩበት። መስኮቱን አውርዶ ሲሰድበኝ እኔም በሶማልኛ መልሼ ሰደብኩት፤ ከዚያ ለመንኩት፤ ከዚያ ደግሞ ሰደብኩት። “ግባ፣ አንተ ዕብድ” አለኝ።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው። መክፈቻውን መስጠት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። “ስልኩን ለነርሷ ስጪያት” ብላት ይበቃ ነበር። ፈረንሳይኛ እችላለሁ፣ ሶማልኛ እችላለሁ፤ ፕሮግራሙን ከመሥራቴ በፊት በየቀኑ የማደርገው እሱኑ ነበር። በአርባ አንድ ሰከንድ ውስጥ ሕመሟን ሁሉ ተናግሬ እጨርሰው ነበር። እኔ ግን ስለ መብቴ አወራሁ።

ራስ ዲካ ስንደርስ እትዬ ውቢት ልጅቷን አቅፋ ግቢው በር ላይ ደርሳለች። የሰናይት ማዳም ደግሞ በሩን ይዛ ቆማለች።

“ወዴት ነው የምትወስዷት?” አለችኝ በፈረንሳይኛ። “አንተ ማን ነህ?”

“ወንድሟ ነኝ” አልኩ። ውሸት ነው።

“ጠዋት ክሊኒክ የወሰድኳት እኔው ነኝ። ነርሷ አይታታለች። የወር አበባ ነው፣ ኪኒን ተሰጥቷታል። ይኼ የነዚህ ልጆች የየወሩ ነገር ነው።”

“የወር አበባዋ አይደለም፤ ሌላ ሕመም ነው!” ብዬ ጮህኩባት።

ቃል በቃል፣ እትዬ ውቢት ስትነግረኝ የሳቅኩበት ዓረፍተ ነገር ነው። ማዳም ክፉ ሴት ብትሆን ለእኔ በቀለለኝ ነበር። በመኪናዋ ወስዳታለች፣ ኪኒን ገዝታላታለች፤ ልጅቷ ምን ትላለች ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው ያልታያት። ፓስፖርቷን ስጪን ስላት “ከጠፋች ተጠያቂዋ እኔ ነኝ” ብላ እምቢ አለች። ሰናይት እትዬ ውቢት ትከሻ ላይ ሆና ስታቃስት ሰማኋት። ፓስፖርቱን ትቼ፣ ማዳምን ገፋ አድርጌ አለፍኩ። ባለታክሲው፣ ያ ሲሰድበኝ የነበረው ሰውዬ፣ ወርዶ እግሯን ይዞልን አስገባናት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ወረቀት ተባልን። የራሴን መታወቂያ ወርውሬላቸው ገባሁ። ሐኪሙ ረጅም፣ የደከመው ሰው ነው። ሆዷን ጫን አድርጎ ሲለቅ ጮኸች።

“መቼ ጀመራት? መጀመሪያ የት ነው ያመማት?” አለኝ።

ጎንበስ ብዬ “ሰናይት፣ መቼ ነው የጀመረሽ?” አልኳት በአማርኛ።

ዓይኗን ገለጠች። ፊቴን ሳይሆን ድምፄን ነው ያወቀችው።

“አንተ ነህ” አለችኝ።

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“ሐኪም ቤት ነኝ ብዬህ ነበር እኮ።”

ሐኪሙ “ምን አለች?” አለኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። “እሑድ ጀመራት ትላለች” ብል ማን ያውቃል? እትዬ ውቢት ግን ጀርባዬ ቆማለች፤ ፈረንሳይኛውንም ትሰማለች።

“ጠዋት ደውላ የነገረችው ሰው እኔ እንደሆንኩ ነው የምትለው” አልኩት። “ዘግቼባታለሁ።”

ሐኪሙ ለአፍታ አየኝ። ከዚያ “መቼ እንደጀመራት ጠይቃት” አለኝ። እሑድ ነው አለች፤ እምብርቷ ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ወርዷል፤ ዛሬ ረፋዱ ላይ ድንገት ቀለል አላትና ከዚያ መላ ሆዷ ነደደ። ይህን ሁሉ ቃል በቃል አስተላለፍኩ። ሐኪሙ መጨረሻውን ሲሰማ የቀዶ ጥገና ልብሴን አምጡ ብሎ ጮኸ። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር።

ከሦስት ሰዓት በላይ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ውቢት ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጠየቀችኝ።

“ቁልፉን መቼ ነው የከተትከው?”

ነገርኳት። ስለ ዚያድ ነገርኳት፣ ስለ ስሜ መፋቅ ነገርኳት፣ ሕጉም ከእኔ ጋር እንደሆነ ነገርኳት።

“የዚያድ እኮ አሮጌው ነው” አለችኝ። “ቁልፍ የለበትም። ከመንገዱ ማዶ የምትሠራው ልጅ ከዚያድ ነው የገዛችው፤ እስከ ዛሬ ትናገርበታለች። ከሌባው የገዛችው አፍ አላት፤ ከእኔ የወሰደችው ግን ተዘጋባት።”

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ይህን ሁሉ ተንኮል ስሸርብ፣ ዚያድ አዲሱን መውሰድ አለመውሰዱን እንኳ አላጣራሁም።

“እሱ ሌባ ነው” አልኩ።

“ይሁን። በፕሮግራሙ ውስጥ የምትናገረው ግን ማን ናት?”

“አንቺ ነሽ።”

“ያ ድምፅ የእኔ ነው፤ የእኔን አፍ ነው የቆለፍከው። ለማን እንደምናገር ማን ጠየቀኝ? ለዚያች ልጅ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ‘ሲያምሽ ይህን ተጫኚ’ ያልኳት እኔ ነኝ። አምናኝ ሄዳ ተጫነችው፤ ‘ሌባ’ አላት። በእኔ ስም፣ ተስፉ!”

ሽማግሌው “ፈርማልሃለች?” ያሉኝ ያኔ ገባኝ። አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላባበለችኝም።

ሰናይት ተረፈች። ሐኪሙ “ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...” አለና ሳይጨርሰው ሄደ። በስምንተኛው ቀን ማዳም ፓስፖርቷን በዘበኛ ላከችላት፤ ከፓስፖርቱ ጋር ልብሶቿ በፌስታል ታስረው መጡ። መባረሯ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት አልጋዋ አጠገብ ስቆም፣ እሷ ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ።

“ክፈተው” አለችኝ። “እኔ ወደ አገሬ ነኝ፣ አያስፈልገኝም። ማዳም በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ታመጣለች፤ እትዬ ውቢት ትስጥልኝ።”

ከፈትኩት። ስልኩም በእሷ ቦታ ለመጣችው ልጅ ደረሰ። ሰናይትን ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

አሁን እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ እጃችሁ ላይ የፈጠራችሁት ነገር ያላችሁ፣ ስሙኝ። የሠራችሁትን አትጠብቁ አላልኩም። ዚያድ ያኔም ሌባ ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያቃጥለኛል። ግን ቁልፍ ስትሠሩ በሩ ላይ የምትቀረው ማን እንደሆነች ቀድማችሁ እዩ። ሌባው መውጫ አያጣም። ውጭ የምትቀረው፣ ችግሯ ለሌላ ሰው እንዳይተርፍ ብላ ስም የማትጠራዋ ናት። ሌላ ደግሞ፣ የብቻችሁ የመሰላችሁ ሥራ ውስጥ የማን ድምፅ እንዳለ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም፤ በዚህ ራሴን አልምርም።

ቁልፉን አወጣሁት። እትዬ ውቢት “መጀመሪያ ክፈተው፣ ድምፄ ይቆይ አይቆይ ከዚያ እንነጋገራለን” ብላ ስለነበር፣ በየዓርቡ ልጆቹ የሚሰበሰቡበት እየሄድኩ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ቁልፍ የሌለውን “አፌ” በብሉቱዝ አንድ በአንድ ላክሁ። ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ጽሑፍ “ያገኘሽውን ለሁለት ስጪ” የሚል ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ወረቀት ተጽፎ ሁለታችንም ፈርመናል። የጻፉልን እኚያው ሽማግሌ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ማስተካከል አልቻልኩም። ቁልፉ ያለበት ቅጂ አንዴ ከተለቀቀ አይሰበሰብም። ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ አንዲት ልጅ ከአንዷ ተቀብላ፣ ሦስት ቀን ተናግራበት፣ በአራተኛው “የተሰረቀ ቅጂ” ሲላት ከሥሩ ያለው የእኔ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሬን ቀይሬ አላውቅም። ስልኬንም አላጠፋም። ዓመታት ሙሉ ሲደወልልኝ ኖሯል፤ ባለቁልፍ ስልክ ከሰው እጅ ከጠፋ በኋላም አልፎ አልፎ ይደወላል።

አንዳንዷ እያፈረች ትጀምራለች፤ “ወንድሜ፣ እኔ አልሰረቅኩም፣ ሰው ነው የሰጠኝ” ትለኛለች። አላስጨርሳትም። ያን ማክሰኞ ጠዋት መጠየቅ የነበረብኝን እጠይቃታለሁ።

“የት ነሽ?”